የወንድሜ ጣፊያና የመስቀል እንጨት

የወልቂጤዋ ሐኪም ለታናሽ ወንድሜ በግልጽ ነግራዋለች፦ ያተኮሰው በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ የገባውም ነጭ የደም ሴሎቹ ውስጥ ነው፤ ሰውነቱ የተበከሉትን የገዛ ጠባቂዎቹን እየተዋጋ ስለሆነ ጣፊያው አብጧል፤ እንዳይፈነዳ ከባድ ሥራ አይንካ። እምድብር ስንመለስ እናታችን «ምች ነው» ብላ በዳማከሴ አሸችው። ትኩሳቱ ሲለቀው ድኛለሁ አለ። መስቀል ደርሷል፤ የበዓሉን እንጨት የሚፈልጠው ደግሞ ወንድ ነው። መጥረቢያ አነሳ።

«ትኩሳቱ ቢለቅህም ጣፊያህ እንዳበጠ ነው» አልኩት፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

«መጽሐፍ አነበብኩ ብለህ በቁሜ ልትገድለኝ ነው?»

«ተወው» አለች እናቴ፣ «ምች በላብ ነው የሚወጣው።»

መጥረቢያውን ቀምቼ እኔው ፈለጥኩ። እሱ ጉቶው ላይ ሆኖ፣ «እንደሱ አይደለም፣ በጎኑ ምታው» እያለ ሲያርመኝ ዋለ። ቢያንስ ተቀምጧል።