ማን ያዘዘው ሰልፍ?

ሰው አለቃ «አድርግ» ስላለው ብቻ በማያውቀው ሰው ላይ ይጨክናል የሚለውን ትምህርት የሰማሁት ስድስት ኪሎ ሳይኮሎጂ ስማር ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቀይ ሽብር ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፣ ፍርሃቱ ግን አላለፈም። መምህራችን ፈረንጆች ስላደረጉት ጥናት ነገረን። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው አንዱን መንገደኛ ያስቀምጥና «ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰውዬ መልስ በሳተ ቁጥር ይህን ማብሪያ ተጫን፤ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል» ይለዋል። ንዝረቱ የውሸት ነው፤ የሚጫነው ሰው ግን ይህን አያውቅም። ከማዶ ጩኸት ይሰማል፣ ካፖርት ለባሹ «ቀጥል» ይላል፣ ብዙዎቹም ቀጠሉ። መምህሩ ይህን ሁሉ ያወራን «የኢምፔሪያሊስቶች ኅብረተሰብ ምን ያህል እንደዘቀጠ ለማሳየት» ብሎ ከጀመረ በኋላ ነው። እንዲህ ካላሉ አይወራም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን ስለ አሜሪካ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም የየቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር የመጣብን።

እኔ ተናደድኩ። ያኔም ቶሎ ይነድደኝ ነበር፣ ዛሬም አልተሻለኝም። «እኛ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም» አልኩት ለክፍል ጓደኛዬ። እሱም እንደኔ የአፍንጮ በር ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወስደውት በዚያው ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ቀበሌው እሱንም ከዓይኑ አያጠፋውም። ሳቀብኝ። «ነይ ላሳይሽ» አለኝ፤ «እዚህ አገር ነጭ ካፖርት አያስፈልግም፤ ካኪ ይበቃል።»

ቅዳሜ ጠዋት የአባቱን ካኪ ኮት ለብሶ፣ በብብቱ ፋይል ይዞ መጣ። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሲወረድ፣ ከተወረሰ ጀምሮ ተዘግቶ የቀረ አንድ ሱቅ አለ፤ እሱ በር ላይ ቆመ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆንኩ። ሐሳባችን ቀላል ነበር። እሱ አላፊ አግዳሚውን «በዚህ በኩል ተሰለፉ» ይላል፤ እኔ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖር እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ ሰዎቹን አመስግነን፣ ማኪያቷችንን ጠጥተን ወደየቤታችን።

መጀመሪያ ያገኘው እትዬን ነበር። ስማቸውን ልተወውና ሰፈሩ እንደሚጠራቸው እትዬ ልበላቸው። የሴቶች ማኅበር አባል ናቸው፤ ስብሰባ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ንግግሩን ሳይጨርስ ማጨብጨብ የሚጀምሩት እሳቸው ነበሩ። ጓደኛዬን ከነእናቱ ያውቁታል፤ አጥር ይጋራሉ። ካኪውን ሲያዩ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ሥራ ያዝክ?» አሉና ተሰለፉ። ለምን ብለው አልጠየቁም።

ከእሳቸው በኋላ ማንንም ማዘዝ አላስፈለገም። እኔና እሱ የዘነጋነው ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ሰልፍ ያየ ሰው መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ምን እንደሚታደል የሚጠይቀው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ሰው ዘንቢሉን እያንጠለጠለ መጣ፣ ዘንቢል ያልያዘው በተራው ድንጋይ አስቀምጦ ዘንቢል ሊያመጣ ሮጠ። ከፊት «ስኳር ነው» የተባለው መሐል ሲደርስ ዘይት ሆነ፤ ጥግ ሲታጠፍ ብርድ ልብስ ሆነ። ጠመንጃ ያነገተ፣ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ አንድ አብዮት ጥበቃ ብቅ ሲል አለቀልን አልኩ። እሱ ግን ለጓደኛዬ እጅ ነስቶ ተራ ማስከበር ጀመረ!

ጓደኛዬ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ተሻገረ። ፋይሉን አስታቀፈኝ፣ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ጠቀለለው፣ «በትኛቸው» ብሎኝ ሄደ። ወደ ሰልፉ ሄጄ «ምንም የሚታደል ነገር የለም፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አልኩ።

«አራዳዋ! እኛን ሸኝተሽ አንቺ ልትሰለፊ?» አለኝ አንዱ፤ ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ።

ሌላዋ ደግሞ «ለመሆኑ ማን ነኝ ብለሽ ነው?» አለችኝ። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ካኪ ግን አልለበስኩም።

ወሬውን ሰምቶ ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ። ማን እንዳዘዘ ለመጠየቅ እሱም ፈራ፤ የበላይ አካል ቢሆንስ? ስልክ ሊደውል ተመለሰ። የደወለላቸውም በተራቸው ፈርተው «እስክናጣራ ሥርዓት ይከበር» አሉት። ስለዚህ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አሁን በእውነተኛ ትእዛዝ፣ የተዘጋ በር ፊት ፀሐይ ሲበላው ዋለ። ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፤ ማንም አላዘዘም፣ ነገሩ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ አሻጥረኛው ይያዝ።

አሻጥረኛ የተባለው ጓደኛዬ ነው። ወንድሙን የበሉ ሰዎች እሱንም «አሻጥረኛ» ብለው ከያዙት አይመለስም። ካኪ የለበሰው እሱ መሆኑን ከእኔ ሌላ የሚያውቁት እትዬ ብቻ ናቸው፤ እትዬ ደግሞ የታዘዙትን ሁሉ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። እኔንም ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ስጠብቀው አይተውኛል።

ሰልፈኛውን በትነው እትዬንና እኔን ቀበሌ ወሰዱን፤ እሳቸውን ከሰልፉ መጀመሪያ ስለነበሩ፣ እኔን «ምንም የለም» ብዬ በመናገሬ።

«እንዴት አወቅሽ?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ሱቁ ዝግ ነው። ዓይን አለኝ።»

ገላመጠኝና ወደ እትዬ ዞረ። በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት አንቺ እያለ ያፋጥጣቸው ጀመር። «ማን ነው ያሰለፈሽ?»

«ካኪ የለበሰ ነው።»

«ማን? ፊቱን አላየሽም?»

«የካኪ ለባሽ ፊት ይታያል እንዴ? መቼ ቀና ብላችሁ እዩን አላችሁና?»

«ታውቂዋለሽ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ስማ» አሉት፤ «ተሰለፊ ስትሉኝ እሰለፋለሁ። አጨብጭቢ ስትሉኝ አጨበጭባለሁ፤ የገዛ እጄ ነው፣ ምን ይጎድልብኛል? የሰው ልጅ አምጪ ስትሉኝ ግን የምሰጣችሁ የለኝም። ሰው ስትወስዱ አይቻለሁ። እናቱ ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ ስትከለክሉም አይቻለሁ። ይበቃኛል።»

በየስብሰባው ያን ጭብጨባቸውን ስሰማ ምን ያህል እበሽቅ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። አሁን ተነስቼ ብስማቸው ደስ ባለኝ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። ሌላ ብልሃት መጥቶለታል። «አንቺ ሳይኮሎጂ ነው የምትማሪው አይደል? ሰው ማናገር ታውቂያለሽ፤ አናግሪያት። ስሙን ካመጣሽልኝ ሁለታችሁም አሁኑኑ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ካልሆነ እሷ እዚሁ ታድራለች፤ የቀበሌ ሱቅ ራሽኗም ይቋረጣል።» ወንበር አንስቶ ከእትዬ ፊት ለፊት አስቀመጠልኝ። «በይ ጀምሪ።»

እነሆ ማብሪያው እኔ እጅ ገባ። አልፈራሁም ብል ውሸቴን ነው። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ። ትምህርቴን ለዚህ ሊያውለው! ደግሞ በእሳቸው ላይ!

ወንበሩን ትቼ አለፍኩና እትዬ የተቀመጡበት አግዳሚ ጋ ሄድኩ። «እትዬ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አልኳቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው? ተነሺ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«አልነሳም» አልኩት፤ ተቀመጥኩም።

እትዬ ጠጋ አሉልኝ። «ቀሚስሽን ሰብስቢ» አሉኝ፤ «እዚህ ጋ ሚስማር አለ።»