ጸዳለ ኪዮቶ ላይ ያልበላችው ቁርስ

ሐሙስ ሰኔ 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ኒድ (ፍራንክፈርት)፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት

ከቤት ስንወጣ ሰማዩ ገና መቅላት መጀመሩ ነው። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጀርመን አገር ሃያ ስምንት ዓመት ብኖርም የእኔ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የእጅ ቦርሳ፣ ሁለት ሹራብ። አውሮፕላኑ የሚነሣው ከቀትር በኋላ ነው። ልጃችን ሶስና ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ስለምትሠራ ለወላጆቿ በቅናሽ ቲኬት ታገኛለች፤ ነገር ግን በዚህ ቲኬት የሚሳፈሩት ትርፍ ወንበር ከተገኘ ነው። ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል።

ጃፓንን የመረጠችው ባለቤቴ ጸዳለ ናት። ጋሉስ በሚባል የፍራንክፈርት ሰፈር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ፣ ጀርመናዊ አግብተው የመጡ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ስድስት ዓመት አስታምማለች። አሮጊቷ «ኪዮቶን በዝናብ ያላየ አላያትም» ይሏት ነበር። ጸዳለ ይህን ቃል ይዛ ቆየች። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ለመዝናናት ብለን የትም ሄደን አናውቅም። ጤነኛ ሰው ሥራ ፈትቶ አገር ለአገር መዞሩ ስንፍና ነው እል ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ጸዳለ «ብትመጣ ና፤ ባትመጣ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችኝ። ሄድኩ።

ሶስና የመሳፈሪያ ወረቀታችንን ስትሰጠን እኔን ለብቻዬ ጎተት አደረገችኝና፣ «ፓፓ፣ ማማ ሙስ ኤሰን» አለችኝ። እናቴ መብላት አለባት ማለቷ ነው። በአማርኛ ብናናግራት በጀርመንኛ ነው የምትመልሰው።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጸዳለ የስኳር ሕመም አለባት። ጠዋት ኪኒኗን ከዋጠች ሳትቆይ መብላት አለባት፤ ካልበላች ስኳሯ ይወርድና ትወድቃለች። አሁን ደግሞ የሐዋርያት ጾም ነው። የንስሐ አባታችን «አንቺ አትጾሚም» ብለው በግልጽ ነግረዋታል። እኔም «ብዪ» እላታለሁ። ነገር ግን አፌ «ብዪ» ሲል ፊቴ ሌላ ነገር እንደሚናገር ልጄ ታውቃለች። ይህን ያን ዕለት አላመንኩም ነበር፤ አሁን ግን አምኜ እጽፈዋለሁ።

ዓርብ፣ ከኦሳካ ወደ ኪዮቶ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ዝናቡ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ተቀበለን። ቀጭን፣ የማይቸኩል፣ የማያባራ ዝናብ ነው። በባቡሩ መስኮት የሩዝ ማሳ፣ ጥቁር የሸክላ ጣሪያ፣ ሽቦ፣ ሽቦ፣ አሁንም ሽቦ ይታያል። የባቡሩ ተቆጣጣሪ ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ በሩ ጋ ደርሶ ዞር ይልና ለተሳፋሪው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ግማሹ ሰው ተኝቷል፤ ማንም አያየውም። እሱ ግን አይተውም። ማንም ሳያየው ሥራውን በትክክል የሚሠራ ሰው ደስ ይለኛል። ለልጄ ስነግራት የኖርኩትም ይህንኑ ነው።

ጸዳለ ቁርሷን በልታለች። የባቡር ቲኬት ስገዛ ዞር ብላ ዳቦ ስትገምጥ አይቻታለሁ። ጾሜን አክብራ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኳት።

ከጣቢያው የያዝነው ታክሲ ሾፌር ነጭ ጓንት ያደረገ ሽማግሌ ነው። ከየት እንደመጣን ጠየቀ፤ ነገርኩት።

«ኢትዮጵያ! ሩጫ!» አለና በሁለት እጁ የሯጭ አኳኋን አሳየን።

ጸዳለ ሳቀች። «በል ውረድና ሩጥላቸው» አለችኝ። «አውቶቡስ ሲያመልጠው እንኳ ቆሞ የሚቆጣ ሰው እንደሆንክ በምን ያውቃሉ!»

ዓርብ፣ ማረፊያ ቤታችን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ማረፊያ ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሚዶሪ በሥልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ፈጣን፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው። እንግሊዝኛቸውም እንደ እኔው ነው፤ ከመጽሐፍ የተለቀመ። ስለዚህ ተግባባን።

ሶስና አንድ ጃፓናዊ ባልደረባዋን አስጽፋ የሰጠችኝ ካርድ አለ። «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት አንበላም» ይላል። በጾም ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ከማይሉት ወገን ነኝ። የጾም መፍቻዬም ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ቀድሞ ይበላል ቢሉኝም አልለውጥም። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ በኪዮቶ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለች ምግብ ቤት ገብቼ ካርዱን አሳየሁ። በጥቁር መረቅ ውስጥ የተዘፈቀ ቀጭን ፓስታና ጎመን አመጡልን። ግሩም ነበር። አመስግኜ፣ ሳህኑን ደፍቼ ጠጣሁ።

ስንመለስ ለወይዘሮ ሚዶሪ ይህንኑ በኩራት ነገርኳቸው። ካርዱን ተቀብለው አነበቡ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፉ።

«መረቁ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው» አሉኝ። «እዚህ አገር ሾርባውም፣ ድስቱም፣ የጎመኑ መቀቀያም እሱው ነው። ቁራጭ ስለሌለው ሰው ዓሣ ነው አይልም።»

ተቀመጥኩ። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በሐዋርያት ጾም፣ አንድ ሙሉ ሳህን ዓሣ ጠጥቼ፣ አመስግኜ ተነሣሁ ማለት ነው። ሴትየዋ አዘኑልኝና መላ አመጡ፦ አሥር ደቂቃ በሚያስኬድ ቦታ የቡድሃ ገዳም አለ፤ መነኮሳቱ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሶ አይቀምሱም፤ ለእንግዳም ያበላሉ።

«የሌላ እምነት መቅደስ ገብቼ ማዕድ አልቆርስም» አልኩ።

«ባቄላና ሩዝ ምን እምነት አለው?» አለች ጸዳለ በአማርኛ።

«ጸዳለ!»

«እሺ ጳጳሱ፤ እሺ።»

ቅዳሜ፣ ኪዮቶ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት

ወይዘሮ ሚዶሪ ማልደው ሩዝ ቀቅለው፣ በእጃቸው አድበልብለው፣ በባሕር ቅጠል ጠቅልለው አመጡልን። «ውስጡ ምንድን ነው?» አልኳቸው። አንዱን ከፍተው አሳዩኝ። የደረቀ ዓሣ ፍርፋሪ ነው። ለእኔ ሳይሆን፣ አትጾምም ላልኳቸው ለጸዳለ መሥራታቸውን በምልክት ነገሩኝ። ጸዳለ ኪኒኗን ውጣ ነበር።

«ላንቺ ተፈቅዷል፤ ብዪ» አልኳትና ዳዊቴን ገለጥኩ። ስጨርስ ሳህኑ ባዶ ነው።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

ወጣን። ከደጃፉ ሱቅ በአምስት መቶ የን ሰፊ ጃንጥላ ገዛን፤ ጨርቁ እንደ መስታወት የሚያሳይ ነው። ዝናቡ ለአንድ አፍታ አላቆመም። አሮጊቷ ግን እውነታቸውን ነበር። የድንጋዩ መንገድ ያንጸባርቃል፤ የቤቶቹ እንጨት ጠቁሮ ያምራል፤ ከየጣሪያው ጫፍ ውኃ በሰንሰለት እየተንጠለጠለ ይወርዳል። ሰው ሁሉ በጃንጥላ ይተላለፋል፤ አንዱ የሌላውን አይነካም። የእኛ ሰው ቢሆን ስንት ዓይን ይጠፋ ነበር።

ጸዳለ ማየት የፈለገችው የካሞ ወንዝን ነው። አውቶቡስ ነበር። በእግር እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ መራመድ ለስኳር ይጠቅማል ብዬ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተራመድን። አምስት ሰዓት ገደማ ወደ ኋላ ቀረች። ቁጣዬን ይዤ ስዞር ፊቷ በላብ ርሷል። ዝናብ መስሎኝ ነበር፤ ግን ከጃንጥላው ሥር ናት። እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

«ጸዳለ! ምን ሆንሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሆነ?» አለችኝ። ዓይኗ እኔን አያይም።

ቦርሳዋን ከፈትኩ፤ ከረሜላ አይጠፋም ብዬ። ያገኘሁት ሁለቱን የሩዝ ድብልብሎች ነው፤ በመሐረብ እንደተጠቀለሉ፣ ሳይቀመሱ። አገሩ ሁሉ ሳንቲም የሚጎርስ የመጠጥ ማሽን ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ጣፋጭ ጭማቂ አወጣሁና ወደ አፏ አስጠጋሁላት። ጭንቅላቷን መለሰች።

«ዘጠኝ አልሞላም እኮ» አለች።

ራሷን ልትስት ስትል እንኳ እኔን ትፈራለች። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህች ቃል የቆረጠኝ የለም። አንገቷን ደግፌ በግድ አጠጣኋት። ሁለተኛ ጭማቂ አውጥቼ ደገምኩላት።

ከደረጃው ፊት ለፊት ያለች አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት በሯን ከፈተች። ሽርጥ ያገለደመች ሴት እየሮጠች መጥታ በአንድ በኩል ደገፈቻት፤ እኔ በሌላው። አስገባናትና አስቀመጥናት። ሴትየዋ ሳትጠይቀን ትኩስ ሩዝ ላይ እንቁላል አፍስሳ፣ ያንኑ መረቅ ጨምራ፣ ሁለት ሳህን አቀረበች። ጸዳለ ነፍሷ መለስ አለች፤ ፊቷም ቀለም አገኘ። ማንኪያውን ግን አላነሣችም።

«ብዪ እንጂ።»

«እሺ።»

አልበላችም።

«ተፈቅዶልሽ የለም እንዴ?»

«አባ ፈቅደውልኛል። አንተ አልፈቀድክልኝም።»

«እኔ መቼ ከለከልኩሽ?»

«አልከለከልክም። ዝም ብለህ ታየኛለህ። ስታየኝ አይወርድልኝም።»

«እቤት ትበዪ የለም?»

«ኬለር ወርጄ ነው የምበላው።»

«የቱ ኬለር?»

«የእኛው ምድር ቤት ነዋ፤ ልብስ ማጠቢያው ጋ። ጡረታ ወጥተህ ቤት መዋል ከጀመርክ ወዲህ። ዳቦዬን በልብስ ቅርጫት ይዤ እወርዳለሁ።»

ለሁለት ሰው ይህን ያህል ልብስ የሚታጠበው ለምንድን ነው ብዬ ተቆጥቻት ነበር። ውኃ አታባክኚ ብያታለሁ። አሁን ግን እንዲህ ብቻ አልኳት፦

«መብራቱ በየሁለት ደቂቃው ይጠፋል እኮ።»

«እየተነሣሁ አበራዋለሁ» አለች።

ከፊቴ ያለውን ሳህን ሳብኩ። አማተብኩ። ማንኪያውን አነሣሁና ከእንቁላሉ፣ ከመረቁ፣ ከሩዙ አንድ ላይ ዛቅ አድርጌ ጎረስኩ። በማወቅ ነው ያደረግሁት፤ እንደ ዓርቡ በስህተት አይደለም። ይህን የሚያነብ ወጣት «እሳቸውም በልተዋል» ብሎ ጾም እንዲገድፍ አልፈልግም። ለራሴ ጥፋት የምመልሰው እኔ ነኝ። ግን ያን ሰዓት ጸዳለን የሚያስበላ ሌላ መንገድ አላየሁም፤ ዛሬም አላየሁም።

ጸዳለ ሁለተኛውን ጉርሻዬን እስክጨርስ አየችኝ። ከዚያ መብላት ጀመረች። ግማሽ ላይ ስትደርስ መሳቅ አመጣች።

«ምነው?»

«ጳጳሱ ጢማቸው ላይ እንቁላል አለ።»

እሁድ፣ ኪዮቶ

ወንዙን ዛሬ አየነው፤ በአውቶቡስ ሄደን። በሰው ሁለት መቶ ሃያ የን ነው። ውኃው ደፍርሶ ሞልቷል፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ነጫጭ ወፎች ጥልቀት በሌለው በኩል ቆመው ይጠብቃሉ። ጸዳለ ከድልድዩ ሥር ተጠልላ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። አላናገርኳትም፤ አላቻኮልኳትም። ወደ ገዳሙ ማዕድ አልሄድኩም፤ በዚያ ላይ አቋሜ አልተለወጠም። ወይዘሮ ሚዶሪ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጭ ሩዝ፣ በጨው የተያዘ ዱባና ባቄላ ሠሩልኝ። መረቅ እንዳልነካው ድስቱን ከፍተው አሳዩኝ። ጸዳለ ጠዋቱኑ ሁለት እንቁላል በልታለች፤ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጣ። አንዴ ቀና ብላ ስታየኝ ዳዊቴን ገለጥኩ፤ ከዚያ ይህም ያው መሸሽ መሆኑ ገባኝና ዘጋሁት። «ዛሬም ዝናብ ነው» አልኳት። «ዝናብ ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቀላል ወሬ ለእኔ ከባድ ሥራ ነው።

ሰኞ፣ ፍራንክፈርት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ወንበር አገኘን። ስንወርድ ሶስና የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማለች።

«ኡንት? ቪ ቫርስ?» አለች፤ እንዴት ነበር ማለቷ ነው።

ጸዳለ «ቆንጆ፤ ዝናቡ ብቻ...» ብላ ጀመረች።

«እናትሽን ልገድላት ነበር» አልኩ። መዋሸት አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜም አልጀምርም።

«ኧረ አታካብድ የሶስና አባት!»

ሁሉንም ለልጄ ነገርኳት፤ ደረጃውን፣ ሩዙን፣ ምድር ቤቱን። ስለ ምድር ቤቱ ስነግራት ዓይኗን ከእኔ አነሣች። ለካ ታውቅ ኖሯል። ከቤተሰቡ ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«እና አባዬ፣ አሁን ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ።

«ከንስሐ አባቴ ጋር ቴርሚን እይዛለሁ» አልኳት፤ ቀጠሮ ማለቴ ነው። «ነገ ጠዋት ደግሞ የእናትሽን ቁርስ የምሠራው እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አለች ጸዳለ። «እንቁላል መጥበስ የት ታውቅና?»

«ማንበብም ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ነው የለመድኩት።»

ማክሰኞ፣ ኒድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

የመጀመሪያው አረረ፤ ጣልኩት። ሁለተኛው ጠርዙ ጠቆረ እንጂ ይበላል። ዳቦ ቆረስኩ፣ ኪኒኗን በውኃ አቀረብኩ፣ ወንበር ስቤ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ጾሙ ገና ከሁለት ሳምንት በላይ ቀርቶታል፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።

ጸዳለ ጎረሰች፤ አላመጠች፤ አሰበች።

«ጨው ይጎድለዋል» አለች።

ቀምሼ ላረጋግጥ አልችልም። ቃሏን አመንኩና ጨው ጨመርኩላት።