ሳልቀምስ የመለስኩት ዋንጫ

ባለፈው እሁድ ለወንጌል አገልግሎት ወደ ማጂ የሚወጡት የአጥቢያችን ወጣቶች ሊሰናበቱኝ ሚዛን ያለው ቤቴ መጡ። ደስ ብሎኝ የሚጠጣ ቀዳሁላቸው። ሌሎቹ ጭልጥ ሲያደርጉት አንዷ ልጅ ግን ብርጭቆዋን ይዛ ቢጫውን መጠጥ ትክ ብላ ታየው ጀመር። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ።

ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ከወንጌላዊው ጋሽ ተፈራ ጋር ከሸኮ ከተማ ወዲያ ወዳለ መንደር በእግር ወጣን። ጭቃው ሁለት ጊዜ ጫማዬን አስቀረው። በቡናው ሥር ስናልፍ ቅጠሉ ላይ ያደረው ዝናብ አንገቴ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ እኔ ግን እየዘመርኩ ነው። ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ዓለምን በሙሉ በዚያች ክረምት ላድን ቸኩያለሁ።

የተቀበሉን አባባ በየነ የሚባሉ ንብ አናቢ ሽማግሌ ነበሩ። ቃሉን ለመስማት ፈቅደው ጎረቤቶቻቸውን የሰበሰቡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ፊት ቢነሱን በዚያ መንደር በር የሚከፍትልን አልነበረም። ትኩስ ጎደሬ በሚያቃጥል ቆጭቆጫ አበሉን። ከዚያ ከቅሉ ወደ ዋንጫ ቀድተው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ቢጫ ነው፣ ማር ማር ይሸታል። በቃ፣ ጠጅ ነው አልኩ።

የአባቴን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ። አባቴ ጠጅ ቤት አምሽቶ በገባ ቁጥር እናቴ ጎረቤት ትሸሸግ ነበር። ዋንጫውን ገፋሁት።

«እኛ የጌታ ልጆች ነን፤ እንዲህ ያለ ነገር አንነካም። ቤት የሚያፈርሰው ይሄ ነው» አልኩ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

ጋሽ ተፈራ ዋንጫውን ተቀብለው ግማሹን ጠጡና ወደ እኔ አዞሩት። ቅመሺው አሉኝ። ብርዝ ነበር፤ ጌሾ ያልነካው ማርና ውኃ። አባባ በየነ አማኞች ጠጅ እንደማይጠጡ ሰምተው፣ እንዳይፈላብን ብለው የዚያኑ ዕለት ጠዋት የበጠበጡልን ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጎረቤቶቹ መነሳት ጀመሩ። የተቀበለውን ሰው የሚያዋርድ እንግዳ ምን ሊያስተምር ነው? እውነታቸውን ነው። ጋሽ ተፈራ ሊያማልዱኝ ሲሉ ቀደምኳቸውና አባባ በየነ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

«ሳልቀምስ ፈረድኩብዎት። አባቴ ጠጪ ነው፤ እሱ ትዝ ብሎኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

አንስተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ወደ በሩ ዞረው በሸኮኛ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ የቆመው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ምን እንዳሉ ጋሽ ተፈራ የነገሩኝ ስንመለስ መንገድ ላይ ነው። «ልጅቷ የተቆጣችው አባቷን ነው፤ እኔን አይደለም። ቁጭ በሉና የመጡበትን እንስማ» ነበር ያሉት።

ያን ቀን የሰበኩት ጋሽ ተፈራ ናቸው። እኔ ብርዜን እየጠጣሁ አዳመጥኩ። ላስተምር ሄጄ ይቅርታን የተማርኩት ከአባባ በየነ ነው። ቤቴ ስገባም ከአባቴ ጋር ሳልኮንነው ቁጭ ብዬ አወራሁ፤ ከስንት ዓመት በኋላ።

ወደ እሁዷ ልጅ ልመለስ። ብርጭቆዋን አየት አየት አደረገችና ቀና አለች።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ብርዝ መሆኑን ነገርኳት። ፈገግ ብላ ጠጣችው። እኔ በእሷ ዕድሜ ያልጠየቅሁትን ጠየቀች። ይህቺስ ትሂድ አልኩ በልቤ።