ያልታጠበ ማግኔት

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች አጠገብ አንድ መካኒክ የሚኒባስ ዘይት ሲቀይር፣ የተቃጠለው ዘይት ሽታ ከመንገዴ አቆመኝ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ኮልፌ ስንኖር፣ አባቴ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። የሠፈራችን መካኒክ ጋሽ ተክሌ የሞተርን ጤንነት የሚመረምሩት ከተሰበረ ራዲዮ ባወጡት ማግኔት ነበር፤ ከሞተሩ በወረደው ዘይት ውስጥ ነክረው የሚይዘውን የብረት ብናኝ ያያሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንከሩን ለእኔ ይተዉልኛል።

«አንተ ተማሪ፣ በቤንዚን ሳታጥበው እንዳትነክር! የአንዱን በሽታ ለሌላው ታጋባለህ» ይሉኝ ነበር።

የአባቴ መኪና ተራ በደረሰ ዕለት ለኳስ ቸኩዬ አላጠብሁትም። ማግኔቱ ከቀደመው መኪና የያዘውን ብናኝ እንደ ጠገበ ገብቶ ወጣ። ጋሽ ተክሌ ብናኙን በጣታቸው አሽተው ወደ አባቴ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ ሞተሯ እየተበላ ነው። መንገድ ላይ ሳትቆምብህ ሽጣት» አሉት አባቴን።

ስህተቴ ወዲያው ገብቶኛል። ቁጣቸውን ፈርቼ ነገ እናገራለሁ አልሁ፤ በሳምንቱ መኪናዋ ተሸጠች። አባቴ የሰው መኪና ነጂ ሆነ፤ እርሷ ግን ጭነቷን ተሸክማ በደጃችን ስትመላለስ ዓመታት ኖረች።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርሁት ግን የማግኔቱን ነገር ብቻ አይደለም። አንድ ጠዋት አባቴ በራፍ ላይ ቆሞ መኪናዋ ስታልፍ ሲያዳምጣት ቆየና፣

«ልጄ፣ አንተ ተምረሃል። ይህች ድምፅዋ የታመመ ይመስላል?» አለኝ።

«አዎን አባባ» አልሁት።