በርጩማው ላይ ሆኖ ያየው

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሽቦ» ይለዋል፤ ለሥራው ይሁን ለቅጥነቱ፣ እሱም ጠይቆ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አስቸጋሪ መንገድ ለሚሄዱ መኪኖች ከኋላ ተጨማሪ መብራት ሲገጥም አንድ ልማድ አለው፤ ሥራውን እንደጨረሰ በርጩማውን አንጠልጥሎ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄድና ቁጭ ብሎ መብራቱን ያያል። የሚስቁበት አልጠፉም። እሱ ግን መብራቱን የሚገዛው ፊት ያለው፣ የሚያየው ኋላ ያለው ነው ይላል፤ እውነቱን ነው።

አንድ ቀን የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ሥራ አስኪያጅ መኪናውን ይዞ መጣ። ያቺን መኪና እየተከተለች ዕቃ የጫነ ፒካፕ የምትነዳው የጋሽ ሽቦ ልጅ ናት፤ መንዳት ያስተማራትም ራሱ ነው። ሰውየው የገዛው መብራት ክንድ የሚያህል፣ ነጭ፣ ዓይን የሚያጠፋ ነገር ነበር። ከጣሪያው ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው ላይ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ይታሰርና ሞተር ሲነሳ አብሮ ይብራ፣ መኪናዋ በአቧራ ውስጥ ከሩቅ እንድትታይ አለ።

ጋሽ ሽቦ እንደ ባለሙያም እንደ አባትም ለመነው። ነጭ መብራት አቧራ ላይ ሲያርፍ ግድግዳ ነው የሚሆነው፤ ለአቧራ ደብዘዝ ያለ ቀይ ወይም ቢጫ ይሁንልህ፣ ነጩ የኋላ ማርሽ ስታስገባ ብቻ ይብራ አለው። ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንደገና ሊናገር ሲል ፒካፗን ይዛ አብራ የመጣችው ልጁ ክንዱን ይዛ ወደ ጎማዎቹ ክምር ወሰደችው።

«አባዬ፣ በናትህ ተወው። ይሄን ሥራ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናሁ ታውቃለህ። እንጀራዬን አትዝጋብኝ።»

ተመልሶ መብራቱን ገጠመው። ተንኮል ከተባለ አንድ ተንኮል ሠራ፤ መብራቱን ሁለት ጣት ያህል ወደ መሬት አዘነበለው። ሥራ አስኪያጁ ዞር ብሎ አየና ተንጋዷል ብሎ በገዛ እጁ ቀና አደረገው፤ ብሎኑንም ራሱ አጠበቀው። ጋሽ ሽቦ በዕድሜው እንደዚህ ያለ ትጉህ ደንበኛ አልገጠመውም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሥራ አስኪያጁ መኪና ቀድማ ወጣች። ልጁ ጭነቷን እያሰረች ነበር። ጋሽ ሽቦ በርጩማውን ይዞ ጥርጊያው መንገድ ዳር ተቀመጠ። መኪናዋ አቧራውን አስነስታ ጉብታው ጋ ደረሰች። እዚያ ጉብታ ላይ ፍሬን የማይዝ ሾፌር የለም። እሱ ግን የፍሬን መብራት አላየም። ነጩ ብርሃን ከአቧራው ጋር አንድ ላይ ሆኖ ቀዩን ውጦታል። መኪናዋ ትቁም ትሂድ መለየት አቃተው።

ብድግ ሲል ፒካፑ በአጠገቡ አለፈ። «ራቂ! ራቅ ብለሽ ተከተዪ!» እያለ እጁን አወናጨፈ። መስኮቱ ለአቧራው ተዘግቶ ነበር። ስንብት መስሏት ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበችለት፤ ፊት ላለችው መኪና ለመድረስም ነዳጅ ጨመረች።

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። መንዳት ባስተማራት በመጀመሪያው ቀን፣ መሪ ይዘሽ ስልክ እንዳታነሺ፣ እኔም ብደውል እንዳታነሺ ብሏት ነበር። ቆሞ ሲደውል አቧራው ጫማውን ሸፈነው። ልጁ እንደሆነች ከልጅነቷ ጀምሮ የአባቷን ቃል ጥሳ አታውቅም።