ሰባት ቤት ፍለጋ ከየካ እስከ ሱሉልታ

ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የካ

ከቤቴ የወጣሁት በመስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ሲሆን እኔም የሃያ ሰባት ዓመት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የጉዞዬ ዓላማ አያቶቼን መቁጠር ነበር።

አንባቢ እንዳይስቅብኝ ነገሩን ላስረዳ። አስካለ የምትባል የየካ ልጅ እወድ ነበር፤ በማግስቱ እሑድ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ ተዘጋጅቻለሁ። አባቷ አቶ ለገሰ ግን ወሬውን ቀድመው ሰምተው፣ «እኔም የልጁ አባትም ከእንጦጦ ማዶ ነው የመጣነው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሽማግሌ ደጄን እንዳይረግጥ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። የእሷን ሰባት አያቶች በወረቀት አስጽፈው ላኩልኝ። የእኔ ቆጠራ ከሦስት አያልፍም፦ አባቴ ኃይሌ፣ አያቴ ደስታ፣ ቅድመ አያቴ በዳኔ። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። አባቴ ስለ አገሩ ብዙ ሳይነግረኝ ሞቷል። የቀሩትን ስሞች የሚያውቁት ሱሉልታ የሚኖሩት የአያቴ ታናሽ ወንድም፣ አባባ ነገዎ ብቻ ናቸው። በሰባቱ ውስጥ አንድ አያት ከገጠመ አስካለን አጣሁ ማለት ነው።

ለስንቅ ሁለት ዳቦ በሃያ ሳንቲም፣ ለስጦታ አንድ ኪሎ ስኳርና ግማሽ ኪሎ ቡና ገዛሁ። ወረቀቱን ደረት ኪሴ ከትቼ አቀበቱን ጀመርኩት።

ሁለት ሰዓት፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ

ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው ዳገት ያስለከልካል። ጉም ወርዶ ነበርና ከአሥር እርምጃ ወዲያ አይታይም። አንዱን ባሕር ዛፍ ከሌላው የሚለይ ካለ ፈጣሪው ብቻ ነው። አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጬ ዳቦ ገመጥኩና ተነሣሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንኑ ጉቶ አገኘሁት፤ ጉንዳኖቹ ፍርፋሪዬን ገና አልጨረሱትም።

እንጨት የተሸከሙ ጠና ያሉ ሴት ከጉሙ ብቅ አሉ።

«እናቴ፣ የሱሉልታ መንገድ በየት ነው?»

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከየካ።»

«ታዲያ ወደ የካ እኮ ነው የምትሄደው!» ብለው ሳቁ። ሸክማቸውን ሳያወርዱ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። «ሽቅብ ወደ ማርያም ያዝ። ገደሉን በዳር በዳሩ እለፈው፤ ውስጡ እንዳትገባ።»

ገባሁ። የጠቆሙኝን ዳር ይዤ የምሄድ መስሎኝ ሸለቆው ሥር ወረድኩ። ወንዙን ሁለት ጊዜ ተሻገርኩ፤ ሁለተኛው ሳያስፈልግ ነበር። ቀጋው ሱሪዬን ቀደደው። እዚያ ሥር ቆሜ፣ መንገድ የጠፋው ሰው አያት ፍለጋ መውጣቱን ሳስበው ለራሴ አዘንኩ።

አራት ሰዓት፣ እንጦጦ ማርያም

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ተሳልሜ ዘወር ስል በአንድ በኩል የከተማው ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ በሌላው በኩል የሱሉልታ ሜዳ ቢጫ ለብሶ፣ ክረምቱ ጥሎት የሄደው ኩሬ እዚህም እዚያም ተኝቶበታል። አልፌ የጎጃም መንገድ ላይ ስወጣ ኬላውን አገኘሁ። የከተማው ዳርቻ እዚህ ነው። አንድ ዘበኛ ገመዱ ሥር ተቀምጦ በቆሎ ይበላል።

«ፈትሸኝ፤ ስኳርና ቡና ይዣለሁ» አልኩት።

«ወደ ከተማ የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን ማን ይፈትሻል? እለፍ» አለኝ።

ቁልቁለቱን ጨርሼ ሜዳው ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ረግረጉ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ኩሬዎቹን ስዞር ሦስት ሰው ሦስት አቅጣጫ አመላከተኝ፤ ሦስቱም ግን አባባ ነገዎን ያውቃሉ።

ስድስት ሰዓት፣ ሱሉልታ

አባባ ነገዎ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ማንነቴን ስነግራቸው በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ፤ የእኔ ኦሮምኛ ሰላምታ ላይ ስለሚያልቅ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። «የኃይሌ ልጅ!» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ባለቤታቸው እማማ አያንቱ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጩኮ አቀረቡልኝ። በልቼ ስጨርስ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

ሽማግሌው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ኃይሌ፣ ደስታ፣ በዳኔ፣ ሮቢ፣ ቦሩ...»

ወረቀቱን አወጣሁ። የአስካለም አምስተኛ ቦሩ ነው።

«ሌላ ቦሩ ይኖር ይሆን አባባ?»

«ከቦሩ በፊት ያለው ማን ይላል?»

«ዋቆ።»

«ሮቢና ዋቆ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አሉና ጣታቸውን አጠፉ። «እህትህ ናት።»

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እማማ አያንቱ ፊቴን አይተው አላስቻላቸውም። «ኧረ አንተ ሰው፣ ልጁን አትግደለው! ደስታ እኮ ከበዳኔ አብራክ አልወጣም። በክፉ ቀን መንገድ ላይ ወድቆ ነው ያገኙት።»

አያቴ ጉዲፈቻ መሆኑን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ መደሰቴም ወዲያው አሳፈረኝ።

አባባ ነገዎ ግን በቁጣ ተነሡ። «ማን ነው ያልተወለደ? አባቴ ልጄ ነው ብሎ አገር ሰብስቦ ተቀብሎታል! ከእኔ ጋር አንድ ቁርበት ላይ ተኝቷል። አንድ እፍኝ ቆሎ ለሁለት ተካፍለናል። ወንድሜ ነው!»

«በደም ግን አንገናኝም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ያ የእናንተ የከተማ ቆጠራ ነው» አሉ። ቆይተው ቁጣቸው በረደ። «ቆጠራው መግጠሙን የምናውቅ ሁለት ሽማግሌዎች ነን፤ ነገ እንሞታለን። ዝም በሉ ካልከን ዝም እንላለን። ቁጠር ካሉኝ ግን እንደቆጠርኩት ነው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የካ

ድርቆሽ የጫነ መኪና በሃምሳ ሳንቲም እስከ ከተማ አደረሰኝ፤ ከዚያ በሲቼንቶ ታክሲ የካ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ሐሳቤን ሳገለባብጥ መጣሁ። ዳገቱ ላይ ዘመዴ ናት እላለሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ ባዳ ናት እላለሁ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ የሚለውን ተረት ያመጣውን ሰው ረገምኩት።

አስካለ የሚካኤል ቅጽር በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። የተቀደደ ሱሪዬን እንኳ አላየችውም።

«ገጠመ?»

«ገጥሟል። አልገጠመምም» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። የሱሉልታዎቹ ሽማግሌዎች ስለ ቆጠራው ዝም ሊሉ እንደሚችሉ፣ ከእኛ ሌላ የሚያውቅ እንደሌለ አልደበቅኋትም። እሺ እንድትለኝ ፈልጌ ነበር።

እሷ ግን ሌላ ጠየቀችኝ። «ያኔ ለራሳቸው ልጆችስ የሚበላ ነበራቸው?»

«እፍኝ ቆሎ ለሁለት ነበር አሉኝ።»

«እንግዲህ ዘመዶቼ ናቸው። ያን ቀን አያትህን ልጃችን ነህ ብለው አተረፉት። ዛሬ እኔ ለሠርጌ ብዬ ልጃችሁ አልነበረም ልበላቸው?» አለችኝ እያለቀሰች።

እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ሽማግሌዎቼን ከየቤታቸው ሳይወጡ ዞሬ አስቀረኋቸው።

ከጉዞው ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ማን ልክ እንደነበር እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ አግብቼ ልጆች ወለድኩ፤ ከቦሩ ወዲያ ያሉትን ሁለቱን ከአስካለ ወረቀት ወስጄ፣ ሰባቱንም አያቶቼን ሳልሳሳት አስጠንቻቸዋለሁ። ስቆጥርላቸው ደስታ ላይ ስደርስ ትንሽ እቆማለሁ። ከዚያ፣ በዳኔ እላለሁ።