እንቆቅልሽ በሙዚየም ደጃፍ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እንደያዝሁ፣ እዚህ ስዊድን በምኖርበት ከተማ ወዳለ ሙዚየም ጎራ አልሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ የጨርቅ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ጨዋታው እጅን አስገብቶ በዳሰሳ ብቻ የዕቃውን ምንነት መገመት ነው። ልቀመጥ ስል አንድ ወጣት ሠራተኛ ፈገግ ብሎ መጣ።

"ልጅ ይዘው ነው?"

"አይ፣ ብቻዬን ነኝ።"

"ይቅርታ፣ ይህ ለልጆች ነው።"

ነገሩን አውቀዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ከሚገኝ ሙዚየም ተባርሬበታለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ነበር፤ ከገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተደራጀች ትንሽ ሙዚየም አስጎብኚ ሆንሁ። በደሞዜ የማታ ትምህርት ልማር አስቤ ነበር። ኃላፊው ጋሼ መኮንን አቧራና ጫጫታ የማይወዱ ሰው ነበሩ። በየዕቃው ፊት በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ካርድ አቁመዋል፤ በሩ ላይ ደግሞ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ለጥፈዋል።

ካርዱን የሚያነብ ግን አልነበረም። የሐምሌ ገበያተኛ የሚገባው ከዝናብ ሊጠለል ነው፤ የእርጥብ ጋቢና የበግ ሽታ ይዞ ይቆምና፣ ሲያባራ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ከአምበር የመጡ እማማ ጥሩወርቅ የተባሉ ሴት ዙሪያውን ቃኝተው፣ "አንቺ ልጅ፣ ይኸ ሁሉ እኔ ቤት አለ። ምኑን ልይልሽ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በሌላው ጥግ የከተማ ተማሪዎች ያዛጋሉ። ጽሑፉ እንዳይነበብ ካርዶቹን ተራ በተራ በፊታቸው ደፋኋቸው። የመስቀሉንና የብራናውን ብቻ ተውሁ፤ እነሱ ጨዋታ ውስጥ አይገቡም። ከዚያ ጅማት የተወጠረበትን ጎባጣ እንጨት ከግድግዳው አውርጄ ወደ ተማሪዎቹ ዞርሁ።

"እንቆቅልሽ።"

"ምን አውቅልሽ" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እንቆቅልሽ ሲባል ዝም የሚል ሰው እኛ አገር አይገኝም።

"ይኸ ምን ይሠራል?"

አንዱ "የአደን ቀስት ነው" አለ፤ ሌላው "ያላለቀ መሰንቆ።" እማማ ጥሩወርቅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"የለበሳችሁት ከየት የመጣ መሰላችሁ? ደጋን ነው፤ ጥጥ ይነደፍበታል። በሉ አገር ስጡኝ።"

የተሸነፈ አገር ይሰጣል፤ ያሸነፈ ደግሞ ደጉን ለራሱ ወስዶ ክፉውን ለሰጪው ይተዋል። ልጆቹ ደምበጫን ሰጧቸው።

"ደምበጫ ገብቼ ምን አጥቼ፤ ፈረሱ ለእኔ፣ ፋንድያው ለእናንተ።"

ቀጥሎ እጀታው የሚዞር የጥንት ስልክ አመጣሁ። አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ እጀታውን አዙረው፣ "የቡና መፍጫ ነው፤ ማስገቢያው ተደፍኗል እንጂ" አሉ። አንዲት ቀጭን ተማሪ መነጋገሪያውን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችና "ሃሎ፣ አያ ደሴን ፈልጌ ነበር" ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አያ ደሴም ሉማሜን ሰጧት።

"ሉማሜ ገብቼ ምን አጥቼ፤ ሻዩ ለእኔ፣ አውቶቡስ ጥበቃው ለእርስዎ።"

ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱ የመጣው። አያ ደሴ ድምፅ በሽቦ እንዴት እንደሚሄድ ልጅቷን ይጠይቃሉ፤ እማማ ጥሩወርቅ የልጆቹን እጅ ይዘው የደጋኑን ጅማት ያስመታሉ።

ጋሼ መኮንን በዚህ መሐል ገቡ።

"መስቀል ባለበት ቤት ትጫወቻለሽ? ካርዶቹን አቁሚ፣ ሰዎቹን አስወጪ። እምቢ ካልሽ ሰኞ እንዳትመጪ።"

ለትልቅ ሰው ቀና ብዬ መልስ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

"መስቀሉን አልነካሁም፣ ጋሼ። ሰው ግን ዝናብ ላይ አላስወጣም። ካርዶቹን አቆማለሁ፤ አስቀድመው አንድ ይመልሱልኝ። እንቆቅልሽ።"



"ይበሉላት እንጂ፣ አንድ ቃል አይደለም?" አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

ጋሼ "ምን አውቅልሽ" አላሉም። እጃቸውን ዘርግተው የሙዚየሙን ቁልፍ ተቀበሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእናቴን ደጋንና ጥጥ ይዤ፣ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለው የሐጂ ሰዒድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆምሁ። ሐጂ "ጨዉን ብቻ እንዳትረግጡብኝ" ብለው ፈቀዱልኝ፤ ትንሽ ቆይተው ራሳቸውም አሮጌ ሚዛናቸውን አውጥተው "እንቆቅልሽ" አሉ። ክረምቱን በሙሉ በረንዳው በሰው ተጨናንቆ፣ ሙዚየሙ ንጹሕ ሆኖ ከረመ። ጋሼ በመስኮት ያዩን ነበር። የማታ ትምህርቱን ዘግይቼ ጀመርሁ። ለንስሐ አባቴ የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ያንን ቀን ግን ከኃጢአቴ ጋር ቆጥሬው አላውቅም።

ወጣቱን ቀና ብዬ አየሁት።

"የማያውቅ ልጅ ብቻ ነው እንዴ?" አልሁና አንዱን ከረጢት ገፋሁለት። "እስቲ ውስጡ ምን አለ?"

እጁን አስገብቶ ዳሰሰ፤ አገላበጠ፤ አላወቀውምና ፊቱ ቀላ። ለካ በየቀኑ በከረጢቶቹ አጠገብ እያለፈ አንዴም ነክቷቸው አያውቅም።

በሥርዓቱ ከሆነ አገር ስጠኝ ልለው ይገባኝ ነበር። በአገር ፈንታ ትንሿን የልጆች ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ፤ ለዕለቱ እሷ በቃችኝ።